የባሻ ዲበኩሉ ቢላዋ

ለሦስተኛ ጊዜ ቅጹን መለሰችብኝ። ዓያንቱ የምትባለው የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ቀይ በተቀባ ጥፍሯ ሁለት ባዶ መስመሮች እየጠቆመች፣ "እትዬ እታፈራሁ፣ እነዚህ ካልተሞሉ እኮ አልቀበልም" አለችኝ። አንደኛው መስመር "የተሠራበት ቦታ" ይላል። ሁለተኛው "የተሠራበት ዘመን" ይላል።

"አሮጌ ነው ብዬ ጽፌ የለም እንዴ?"

"አሮጌማ ሁሉም አሮጌ ነው። ስንት ዓመቱ ነው? የት ነው የተሠራው? የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ ይመስክር።"

"የሠራው ሰው ሞቷል፤ ከመቃብር ቀስቅሼ ላምጣልሽ?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ፣ ነጠላዬ በዝናብ ርሶ፣ ቢላዋውን በፌስታል ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ነው የቆምኩት። ለሦስት ሳምንት እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሻለሁ። በዚያ ሰዓት ማንም ቢነካኝ ቢላዋው የተሠራበትን ምክንያት አሳየው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቱ ላይ የአሮጌ ዕቃዎች ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዱ ጋሻ፣ አንዱ የቀንድ ዋንጫ፣ አንዱ የአያቱን ኮርቻ ተሸክሞ ያስመዘግባል፤ ምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። ወንድሜ ሰይፈ ሚካኤል ይህን ሲሰማ የአያታችንን ቢላዋ ከሳጥን አወጣ። ቢላዋ ስል ቢሰማኝ ያብዳል። "ቢላዋ የሽንኩርት መክተፊያ ነው! ይህ የባሻ ዲበኩሉ ጩቤ ነው!" ይላል። ፊት ለፊት "ጋሼ፣ እርስዎ" ነው የምለው፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፣ አባታችን ሲሞትም ያሳደገኝ እሱ ነው። ከኋላው ግን ተናድጃለሁና "እሱ" ብዬ ብጠራው አትፍረዱብኝ።

እንደ ሰይፈ አፍ ከሆነ፣ አያታችን ባሻ ዲበኩሉ ከሰሜን ከጦር ጋር መጥቶ ጎሬ የሰፈረ፣ ጩቤውንም ከጎንደር ታጥቆ የመጣ ጀግና ነው። እኛ አላየነውም፤ ሳንወለድ ነው የሞተው። አባታችን የጎሬ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ስለ አባቱ ስንጠይቀው "ከጦሩ ጋር ነው የመጣው" ብሎ ዝም ይላል። የቀረውን የጨመረበት ሰይፈ ነው፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ስለ ቢላዋ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ነገሩ ስለ ልጄ ነው።

ልጄ ህሊና መቱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በላቦራቶሪ ትሠራለች። ሁንዴሳ የሚባል የሁሩሙ ልጅ፣ የንብ ባለሙያ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤቴ ሲመጣ ማር ይዞ ይመጣል፤ ሚካኤልንም ከእኛ ጋር ነው የሚሳለመው። ሽማግሌ ላከ። ባሌ ከሞተ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታልና የቤቱ ተናጋሪ ሰይፈ ነው። መጀመሪያ "አስበን እንመልሳለን" አለ፤ ወጉ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ሽማግሌዎቹን አስቁሞ፣ "በዘር አንገናኝም" ብሎ ሰደዳቸው።

ለምን? የሁንዴሳ አያት ኦቦ ጅራታ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያ ይሠራል። በቃ፤ ወንጀሉ ይኸው ነው። የእሱን ማረሻ አገር ሁሉ ያርስበታል፣ ልጁን ግን ማንም አይድርለትም። "ዘር ከልጓም ይስባል" አለኝ ሰይፈ። "የባሻ ዲበኩሉ የልጅ ልጅ ልጅ የወናፍ ጭስ ትጠጣ?" ብሎ ተቆጣ።

ልጁ ወናፍ አይነፋም፣ ቀፎ ነው የሚያየው ብል ማን ይሰማኛል!

ሁንዴሳ ወደ ሌላ ዞን ዝውውር ወጥቶለታል። እስካሁን እንቢ ብሎ ቆይቷል። "አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ እልካለሁ፤ ሦስተኛው ካልሆነ እሄዳለሁ፣ አያቴን ከዚህ በላይ አላሰድብም" ብሏታል። ሦስተኛው ሽማግሌ የፊታችን እሑድ ነው። ህሊና ከእኔ ጋር መብላት ካቆመች ወር ሊሞላት ነው፤ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ሰይፈ ደግሞ ምን አለ? "እሑድ ሲመጡ የጩቤው ምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ ይጠብቃቸዋል። የማንን በር እንዳንኳኩ ያንብቡት!" እሱ ጉልበቱን ያመዋልና የምመላለሰው እኔ ነኝ። በገዛ ልጄ ላይ የሚመሰክር ወረቀት ፍለጋ!

እኔም በልቤ ስለት ተስያለሁ። ሚካኤልን፣ "ይህ ቢላዋ የተራ ገበያ ቢላዋ ሆኖ ይገኝልኝና ጥላ አገባልሃለሁ" ብዬዋለሁ። ቢላዋው ከወደቀ የሰይፈ አፍ ይወድቃል፤ የሰይፈ አፍ ከወደቀ ልጄ ታገባለች። ሒሳቤ ይኸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጎሬ ወጣሁ። ጋሼ ጌታሰው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ፤ አሮጌ ዕቃ ያውቃሉ ተብዬ ነው። አጉሊ መነጽር አውጥተው ስለቱን ሲያዩት ቆዩ። በስለቱ ጎን ላይ የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ በብርሃን አጋድለው ሲያዩት ነው የሚታየው።

"የእባብ ቆዳ ጌጥ ነው። የጎንደር እጅ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አያንሰውም!" አሉ።

ስለቴ ከንቱ ቀረ። ይሁን፣ ቢያንስ ቅጹ ይሞላ ብዬ፣ "እንግዲያው ይጻፉልኛ" አልኳቸው።

"በጽሑፍማ አልሰጥም።"

"አሁን እኮ ነገሩኝ!"

"በቃል ነው የነገርኩሽ። ነገ ሌላ ምሁር መጥቶ ሌላ ነገር ቢል ስሜ መጫወቻ ይሁን?"

የልጃቸው ልጅ ደግሞ ከጎን ሆና በስልኳ ፎቶ አነሳችውና፣ "የመን ይላል፣ አባባ" አለች።

"ምኑ ነው የመን የሚለው?"

"ስልኩ።"

ጉድ በል ጎሬ! መምህሩ የሚያውቁትን አይጽፉም፣ ስልኩ የማያውቀውን ይናገራል። ደሜ ፈላ። ቢላዋዬን ጠቅልዬ ልወጣ ስል ጋሼ ጌታሰው፣ "እሱስ ብረት የሚያውቀው የብረት ሰው ነው። ሁሩሙ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸው ካላወቁት ማንም አያውቀውም" አሉኝ።

"ማን ይባላሉ?"

"ጅራታ።"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ሌላ የለም?" አልኳቸው። "የነበሩት ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ብየዳ ነው የሚያውቁት" አሉኝ።

አስቡት እንግዲህ። ሽማግሌዎቻቸውን ሁለት ጊዜ መልሰን፣ ሰውዬውን በዘር ንቀን፣ አሁን ደግሞ "እባክዎ ከእርስዎ መብለጣችንን ይመስክሩልን" ብዬ ልሄድ ነው። ቂጥን ገልቦ ራስን መከናነብ ማለት ይህ ነው። ግን ምን ምርጫ አለኝ? እሑድ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

አርብ ጠዋት ከመቱ ሚኒባስ ይዤ ሁሩሙ ወረድኩ። ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት በእግር፣ በቡና መሐል ነው ቤታቸው። ኦቦ ጅራታ በሣር ዳስ ሥር አነስተኛ ፍም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ክንዳቸው ግን ገና ክንድ ነው። ገና ሳያዩኝ ልመለስ ይሆን እያልኩ ስወላውል ቀና አሉ።

"የህሊና እናት ነሽ" አሉኝ። "ታዒ፣ ተቀመጪ፤ ከዝናቡ ግቢ።"

ያወራነው ሁሉ በኦሮምኛ ነው። እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። ስለ ሽማግሌዎቹ ምንም አላሉ። እኔ ግን ፊቴ እንደ ፍሙ ነደደ። ፌስታሉን ፈትቼ ቢላዋውን ሰጠኋቸውና፣ ቅጹን አሳይቼ፣ "ኮሚቴው ነው ኦቦ፣ ኮሚቴው ነው የላከኝ" አልኩ። ውሸቴን ነው።

ተቀበሉኝ። ስለቱን በጥፍራቸው ቸብ አድርገው ድምፁን ሰሙት። ከዚያ አጋድለው መስመሮቹን አዩና ሳቅ አሉ።

"ይህን ምን ነው አሏችሁ?"

"የእባብ ቆዳ ጌጥ። የጎንደር።"

"ሞረድ ነው።" አጠገባቸው የነበረውን የብረት መሞረጃ አንስተው ሰጡኝ። "ዳብሺው። ጥርሱን አየሽ? ይህ ቢላዋ በፊት ሞረድ ነበር። አሮጌ ሞረድ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ጥርሱን ፍቆ ነው የሠራው፤ እዚህ ጋ ሳይፋቅ የቀረ አለ። እንዲህ ያለ ጥሩ ሞረድ በዚህ አገር አልነበረም። በመርከብ ጋምቤላ ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ በአጋሰስ ጎሬ ነው የሚወጣው። ጎንደር የት፣ ይህ የት!"

ሁለት መቶው ዓመት በአንድ ትንፋሽ እልም አለ። ሚካኤል ስለቴን ሰማ አልኩ። ኦቦ ጅራታ ግን አልጨረሱም። የቢላዋውን ጀርባ፣ ከእጀታው ትንሽ ወጣ ብሎ ጎድጎድ ያለውን ቦታ አሳዩኝ።

"አውራ ጣትሽን አድርጊበት።"

አደረግኩ። ልክ ገባ።

"ሰው የሚወጋ ሰው አውራ ጣቱን እዚህ አያስቀምጥም። እዚህ የሚያስቀምጠው የሚቀርጽ ሰው ነው። ይህ የቀንድና የእንጨት እጀታ መቅረጫ ነው፤ ለብዙ ዓመት ተቀርጾበታል። አንቺ እንዳልሽው ቢላዋ ነው እንጂ ጩቤ አይደለም።" ከዚያ እጀታውን ነቅነቅ አደረጉት። "ልክፈተው? ውስጡን ካላየሁ አልመሰክርም።"

ሰይፈ ቢሰማ ይገድለኛል። "ይክፈቱት!" አልኩ።

እጀታውን ከፍሙ በላይ ይዘው ቀስ አድርገው አሞቁት። ሰሙ ቀለጠ፣ ትንሽ ችንካር መታ መታ አድርገው አወጡ፣ የቀንዱ እጀታ ተንሸራቶ ወጣ። ውስጥ ተቀብሮ የነበረውን የብረቱን ጅራት በጨርቅ ጠርገው ወደ ብርሃን ያዙት። ነጥብ በነጥብ የተመታ ጽሑፍ አለበት። መነጽሬን አደረግኩ። ሁለት ፊደል ነው። "ዲበ" ይላል።

"ወይኔ!" አልኩ። ጭንቅላቴን ያዝኩ። "ወይኔ ልጄን! የአያቴ ስም ነው። ባሻ ዲበኩሉ ነው። በቃ፣ ሰይፈ አሸነፈ፤ የጀግናው ስም ጩቤው ላይ ተጽፎ ተገኘ ብሎ ጥሩምባ ያስነፋል።" እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ። የገበያ ቢላዋ ይሁንልኝ ያልኩት ነገር የአያቴን ስም ከሆዱ አወጣ። እንዲህ ያለ ዕድል ያለኝ ሴት ነኝ።

ኦቦ ጅራታ እስክረጋጋ ጠበቁ።

"ልጄ፣ አንቺ ቀለበት ብታሠሪ ስምሽን የት ታስጽፊያለሽ?"

"ሰው በሚያየው ቦታ ነዋ።"

"ባለቤት እንደዚያ ነው። በስለቱ ላይ፣ በሰገባው ላይ ያስጽፋል፤ እዩልኝ ነው። እጀታ ውስጥ፣ ሰም ፈስሶበት፣ ማንም በማያየው ቦታ ስሙን የሚመታ አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"ማን?"

"ሠሪው።"

ወዲያው አልገባኝም። 

"ዲበ ቱምቱ ነበር የምንለው" አሉ፤ ዲበ ቀጥቃጩ ማለታቸው ነው። "ባሻ የሚለውን አሁን ካንቺ መስማቴ ነው። ጎሬ፣ ከገበያው በታች ነበር ወናፉ። አባቴ ጢም ሳያወጣ ለእሱ ወናፍ ነፍቷል፤ ሥራውን የለመደው ከእሱ ነው። እኔም ከአባቴ። ከጦሩ ጋር መጣ የሚባለው ውሸት አይደለም፤ ጦር ሲሄድ ጠመንጃ የሚጠግን፣ የበቅሎ ልጓም የሚሠራ ይከተላል። እጁ ለጉድ ነበር። ይህንን ለራሱ ነው የሠራው፤ የሰው እጀታ የሚቀርጽበት።"

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እልል አልኩ። ብድግ ብዬ፣ በሰው ዳስ፣ እልልልል! ሰይፈ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ! ያ ሁሉ ጉራ፣ ያ ሁሉ "በዘር አንገናኝም" እኮ በራሱ ላይ ነበር! "አሁንስ ምን አፍ አለው! ይጻፉልኝ ኦቦ ጅራታ! የሠሪው ስም ዲበኩሉ ብለው በትልቁ ይጻፉልኝ! ያው ነን! እኛም እንደ እናንተ ነን!" አልኩ።

ሽማግሌው አልሳቁም።

"ያው ነን ስትዪ?"

"ያው... አንድ ዘር ነን ማለቴ ነው። ቀጥቃጭ ነን። ካሁን በኋላ ሰይፈ የሚንቅበት ምን አለው?"

"ትናንት ከእናንተ በታች ነበርን። ዛሬ እናንተ ወርዳችሁ ከእኛ ተስተካከላችሁ። እልል ያልሽው ለዚህ ነው?"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። 

"እኔ የወደቅኩ ሰው አይደለሁም፤ ወርዶ የሚያገኘኝ አማች አልፈልግም" አሉ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። "ልጅቷን የምትሰጡን እንደኛ ስለሆናችሁ ከሆነ ይቅርብን። ሁንዴሳ ይሂድ።"

"ኦቦ፣ እርስዎ... ይህን መቼ ነው ያወቁት?"

"እጀታው ሳይከፈትም ስሙን አውቀው ነበር። የማን ልጅ መሆኗን ሁንዴሳ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ሽማግሌ ሲልኩም?"

"ሽማግሌ ስልክም።"

አሁን በእሳቸው ተናደድኩ። ጮህኩባቸው። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ? በአንድ ቃል አፉን ይዘጉት ነበር እኮ! እንዲያ ሲሰደቡ፣ ልጆቹ ሲለያዩ ዝም ብለው ያያሉ?"

"ልጅ ሊለምን የሄደ ሰው የሰው ገመና በኪሱ ይዞ አይሄድም። እንደዚያ ከሆነ ልመና አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ምን ይዤ ልሂድ?"

እጀታውን አንስተው በጨርቅ መጥረግ ጀምረው ነበር፤ ተዉትና አዩኝ። "አቲ ሃዳ ሚቲ?" አሉኝ። እናትየው አንቺ አይደለሽም? "የልጅሽን ነገር ቢላዋ ነው የሚፈርደው?"

 መልሴን አልጠበቁም። ሰም አቅልጠው እጀታውን መለሱት፣ ችንካሩን መቱት፤ ስሙ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ቅጹን ተቀብለው፣ መነጽር ሳያደርጉ፣ በትልልቅ ፊደል ሞሉት። የተሠራበት ቦታ፦ ጎሬ። የተሠራበት ዘመን፦ ጣሊያን ከመግባቱ ከአስር ዓመት በፊት ግድም። ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።

"የሠሪውስ ስም?" አልኩ።

"ቅጹ አልጠየቀኝም። የቤታችሁ ነገር ነው፤ መናገሩም ዝም ማለቱም ያንቺ ነው።"

በሚኒባሱ ውስጥ እስከ መቱ ተንጨረጨርኩ። መጀመሪያ በሳቸው ላይ፤ ማን ሆኑና ነው እሳቸው በልጄ ላይ የሚኮሩት? ከዚያ በሰይፈ፣ ከዚያ ጨርሶ ባላየሁት አያቴ፣ ከዚያ "ከጦሩ ጋር ነው" ብሎ ዝም ባለው አባቴ። የሚሰደብ ሰው ሲያልቅብኝ እኔ ቀረሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ የመጡ ቀን እኔ ጓዳ ነበርኩ። "በዘር አንገናኝም" ሲል ሰምቻለሁ። መውጣት እችል ነበር፤ አልወጣሁም። እንዲያውም ትንሽ ቀለል አለኝ። ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ፍርሃቴን ሰይፈ በእሱ አፍ ተናገረልኝ፣ እኔ ደግሞ በእሱ እያማረርኩ ደግ እናት ሆኜ ቀረሁ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢላዋ ይዤ ዞርኩ፤ በአንድ ቃል የምጨርሰውን ነገር ብረት እንዲጨርስልኝ።

በቀጥታ ሰይፈ ቤት ገባሁ። ቅጹን ተቀብሎ አነበበው፤ ፊቱ ጠቆረ።

"ጎሬ? ከጣሊያን በፊት አስር ዓመት? ይህ ምን ማለት ነው?"

"የተጻፈው ነው፣ ጋሼ።"

"ማን ነው ይህን የ..." ፊርማውን አየ። "ጅራታ! ልጃችንን የከለከልነው ሰውዬ ዘንድ ወሰድሽው? ቂም ነው ይህ! ቅናት ነው! ቀጥቃጭ ስለ ጀግና ጩቤ ምን ያውቃል?"

ምላሴ ላይ ነበር። እምላችኋለሁ፣ ጫፉ ላይ ነበር። አንድ ቃል፤ "እጀታውን ክፈተው" ማለት ብቻ። እኔ በሕይወቴ ምላሴን ይዤ የማላውቅ ሴት፣ ነገር ሆዴ ውስጥ ካደረ የሚያቅረኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ብናገረው ልጄ የምትዳረው ወንድሜ ተዋርዶ፣ አማቾቻችንም አብረው ተዋርደው ነው። ይህን ነው ሽማግሌው ያሉኝ፤ ገብቶኝ ነበር፣ መግባቱም ራሱ አበሸቀኝ።

"ጋሼ" አልኩ፣ "እሑድ ሽማግሌዎቹን እኔ ቤት ነው የምቀበለው። እርስዎም ይምጡ፤ ደስ ይለኛል። ግን ልጄን እሰጣቸዋለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"እሰጣቸዋለሁ።"

"ለቀጥቃጭ?"

"ለሁንዴሳ።"

በመቀመጫው ላይ እንዳለ ሽቅብ አየኝ። በሕይወቴ እንዲህ አናግሬው አላውቅም። "እንግዲያው እኔ የለሁበትም" አለ። "ስሚኝ እታፈራሁ፣ የአያትሽ አጥንት ይወቅስሻል። ባሻ ዲበኩሉ ከመቃብሩ ሆኖ ይረግምሻል!"

ሳቄ ነው ወይስ ልቅሶዬ ያመለጠኝ አላውቅም። "አይረግመኝም" አልኩ።

"አንቺ ስለ እሱ ምን ታውቂያለሽ?"

እግዜር ያሳያችሁ! እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አራት ናቸው፣ ኦቦ ጅራታም ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ ነበሩ። እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ቆሙ። ህሊና በበሩ ስንጥቅ ታያለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ለሰይፈ ያስቀመጥኩት ወንበር ባዶውን ነው። ትልቁ ሽማግሌ ወንበሩን አዩት፣ ጓዳውን አዩት፣ ከጓዳ የሚወጣ ወንድ ጠበቁ። ማንም አልወጣም።

"የዚህ ቤት ተናጋሪ ማነው? ለማን እንናገር?" አሉ።

 "ለእኔ ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ። እናቷ።"